ከኋላዋ ያነሳኋት

እርጥብ የጓሳ ሳር በሸተተኝ ቁጥር እናቴ ትዝ ትለኛለች።

ልጅ ሳለሁ፣ ለዓመታት ተከልሎ የቆየው የጓሳ ተራራ ለአጨዳ በተከፈተ ቀን፣ ገበያ ላይ ፎቶ የሚያነሳው አጎቴ ካሜራውን ሰጠኝ። "ፊልሙ አንድ ብቻ ቀርቶታል፤ እናትሽን አንሻት" አለኝ። እናቴ ሳር ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ከኋላዋ ሆንኩና፣ ሸክሙ ሰማዩን ሲነካ ቁልፉን ተጫንኩ።

"ፊቷስ የታል፣ አንቺ?" አለ አጎቴ።

"እንዲህ ነው የሚያምረው!"

እናቴ ሳቀች። "ተዋት እቴ! የኔን ፊት ማን ሊያየው?"

በዓመቱ ሞተች። ሌላ ፎቶ ስላልነበራት ለቅሶው ላይ ያንኑ ይዘን ወጣን። አክስቴ አየችውና "እህቴን አዙሩልኝ! ኧረ ፊቷን አዙሩልኝ!" እያለች ደረቷን ደቃች።

ዛሬ ፎቶ በማንሳት እተዳደራለሁ፤ ያንን ፎቶ ያየ ሁሉ ያደንቅልኛል። እኔ ግን የእናቴ ዓይን ምን ይመስል እንደነበር ጠፍቶብኛል።