አባቴ ችሎት ፊት የተጠየቀበት ይቅርታ

ባለፈው ሳምንት ኦስሎ፣ ብሪን የሚባል ሰፈር ላይ መኪናዬን ወደ ኋላ ሳወጣ የአንዲት ሴትዮ መኪና ጫር አደረግሁ። ወርጄ ይቅርታ ልጠይቅ ስል አብራኝ በነርስነት የምትሠራው ሳባ፣ እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች ናት፣ እጅጌዬን ጎተተችኝ። «ኔይ፣ ኔይ፤ እንዳታደርገው! ይቅርታ ካልክ እኮ ጥፋተኛ ነኝ ማለትህ ነው!» ሳቄ መጣ። ይህንኑ ነገር ከዓመታት በፊት ችሎት ላይ ከዐቃቤ ሕግ አፍ ሰምቼዋለሁ። ይቅርታዬን ጠየቅሁና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረው ግሮሩድ የሚባል የኦስሎ ሰፈር ነው። ጊዜው የፋሲካ ሰሞን ነው፤ ኖርዌጂያኑ ብርቱካንና ቸኮላት ሸክፈው ወደ ተራራ የሚጎርፉበት፣ እኛ ደግሞ በጾም አንጀታችን የሚጮህበት። ጓደኞቼ ያሬድና ኖርዌጂያኑ ሄንሪክ፣ እኔም፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቆመን ፋላፌል፣ ያንን የጾም የሽምብራ ጥብስ፣ እንበላለን። ያሬድ ከአንድ ልጅ ጋር ተሰዳደበና በአንድ ቡጢ መንጋጋውን ሰበረው። እኔና ሄንሪክ ጎርሰን ደርቀን ቀረን።

ያሬድ መቺ፣ እኔ ተባባሪ፣ ሄንሪክ ምስክር ተባልን። እኔና ሄንሪክ እኮ የቆምነው ትከሻ ለትከሻ ነው! ልዩነታችን መልካችን ብቻ ነበር። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከተፈረደብኝ ደግሞ ነርስነት ልማር ያገኘሁት ቦታ ሊቀርብኝ ነው።

አባቴ ወሬውን እንደ ሰማ ጎረቤታችንን የአስመራውን አቶ ተስፋይን ሽማግሌ አድርጎ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ከተጎዳው ልጅ ቤት ሄደ። እናቲቱን እጅ ነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ጠበቃዬ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች።

እንደ ፈራችውም ዐቃቤ ሕጉ ለምስክርነት ችሎት የቀረበውን አባቴን አፋጠጠው። «ልጅዎ ምንም ካላደረገ ለምን ይቅርታ ጠየቁ?»

አባቴ አስተርጓሚውን በእጁ ገታ አድርጎ በዚያ በተሰባበረ የኖርዌይ ቋንቋው መለሰ። «የሰው ልጅ ተኝቶ እያቃሰተ እኔ እራት አይወርድልኝም። ልጄ አጠገቡ ነበረ፤ ስለዚህ ሄድኩ። ልጄ አልመታም፤ ሄንሪክም አልመታም። የሄንሪክ አባት ሄዶ ቢሆን ጥሩ ጎረቤት ትሉት ነበር። እኔ ስሄድ ለምን ማስረጃ ሆነ?»

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አገላብጦ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ወይ አባዬ! በዚያች ቅጽበት ቢፈረድብኝ እንኳ አንገቴን ቀና አድርጌ እወጣ ነበር። ያሬድ ለቡጢው ተፈረደበት፤ የእጁን ነው ያገኘው። እኔ ነፃ ወጣሁ።

ደጅ ላይ፣ «አባዬ፣ ባትሄድ ኖሮ እኮ ይህን ያህል ባልተጨነቅን» አልኩት።

«ነገም እሄዳለሁ» አለኝ። «ሰዎች በመልካችን ፈሩን ብለን ባለጌ እንሁን እንዴ?»

ዛሬም አጠገብ በመቆማቸውና በመልካቸው ብቻ ተባባሪ የሚባሉ ልጆች አሉ። ሁሉም እንዲህ የሚናገርላቸው ሰው አያገኙም፤ ይህ ያሳዝነኛል። እኔ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ሙሉ ስሜን ሲጠይቁኝ፣ ከስሜ ቀጥሎ ያለውን የአባቴን ስም ረጋ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራዋለሁ።