ሂና የሸፈነው ጣት

ዴቃ የጅጅጋን ሙሽሮች ሂና ስትቀባ ሃያ ዓመት አልፏታል። የራሷን ጣቶች እስከ አንጓቸው በጥቁር ሂና መድፈን የጀመረችው ግን በ2014 ታኅሣሥ ነው። በዚያ ብርድ ጠዋት ጣቶቿ እያየቻቸው እንደ ኖራ ነጡ፤ ቆይተውም ጠቆሩ። ስትቀባት የነበረችው ሙሽራ "ውይ! የሬሳ እጅ!" ብላ መዳፏን መነጨቀች። ቃሉ ከዴቃ ጋር ቤት ገባ፤ አልወጣም።

ሂናው ጣቷን ከሰው ደበቀላት። ከራሷም ደበቀው። ሰው የሚፈራውን ነገር ሲያሳምረው የሸኘው ይመስለዋል።

ከዚያ ትንፋሿ ያጥር ጀመር። ደረጃ መሃል ስትቆም ጎረቤቷ ካፊያ፣ "አባዮ፣ እህቴ፣ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ የምትሽኮረመሚው?" ትላታለች። ዴቃ ትስቃለች፤ ሳቋ በደረቅ ሳል ያልቃል።

ካፊያ ናት ጎትታ ክሊኒክ ያደረሰቻት። ከደሴ ተመድቦ የመጣው ዶክተር ዮፍታሔ ትንፋሿን ሊለካ ቱቦ አስነፋት።

"የሳንባሽ አቅም በሲሶ ቀንሷል። ለምን እንደሆነ ፍንጩን የማገኘው ከጥፍርሽ ሥር ነው። ይሄን ሂና አስለቅቂው።"

"በምን? ራሱ ካልለቀቀ ማን ያስለቅቀዋል ዶክተር?"

"እንግዲያስ አትቀቢ፤ ከወር በኋላ ነይ።"

ወሩን ሙሉ እጇ ባዶ ሆነ። ገበያ ያገኘቻት ሁሉ፣ "ምነው፣ ባልሽ አረፈ እንዴ?" ትላለች፤ ሂና የምትተው ባል የሞተባት ናትና። አደን የሚባለው ባሏ አጠገቧ ቆሞ፣ "እስካሁን አለሁ!" እያለ ያስቃል። ዴቃ ብቻ አትስቅም። ማን እንደሞተ ሲጠይቋት፣ በልቧ ጣቶቿን ትቆጥራለች።

በቀጠሮዋ ዶክተሩ ጥፍሯ ሥር ዘይት ጠብ አድርጎ በማጉያው አየ፤ ለእሷም በስልኩ አሳያት። እንደ ታጠፈ ክር ጎን ለጎን መሰለፍ የነበረባቸው ቀጫጭን ደም ስሮች፣ ጥቂቶቹ አብጠዋል። ከዚያ ወዲያ ገርጣጣ ባዶ ሜዳ ነው።

"እዚህ ጋ ምን ነበር?"

"ደም ስሮች።"

"ነቅለው ሄዱ በለኛ።"

ያደገችው ኤረር ነው፤ ሰዎች ውሃ ፍለጋ ጥለውት የሄዱትን ሰፈር ታውቀዋለች። አጥሩ አለ፣ አመዱ አለ፤ ብትጣራ አቤት የሚል የለም።

"ሳንባሽንም የያዘው ይኸው ደም ስር የሚያጠፋ በሽታ ነው" አለ ዮፍታሔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መድኃኒቱ የሄደውን አይመልስም።"

"የቀረውንስ?"

"ለማቆየት እንሞክራለን።"

ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች። ደጅ የምትጠብቃት ካፊያ በሶማሊኛ፣ "ምን አለሽ?" አለቻት።

"የቀረው ይቆያል አለኝ።"

'እንሞክራለን' የሚለው ቃል በሶማሊኛ ጠፍቷት አልነበረም።