እግሩ እያጠረ የሄደው በርጩማ

ኪኒኑን የተውኩት በረመዳን ነው። ጡቴን አዲስ አበባ ከቆረጡልኝ በኋላ፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ ብለው ለዓመታት በየቀኑ የምውጠው የሆርሞን ኪኒን አዘዙልኝ። «ከቁርስ በኋላ» ይላል ማሸጊያው። በጾም ቁርስ የታል? ቁርስ ከሌለ ኪኒንም የለም አልኩና ተውኩት። ማንንም አልጠየቅኩም። ለኢድ ጉልበቴ ቀለል ሲለኝማ «በቃ፣ ያሳበደኝ ይኼ መድኃኒት ነው!» ብዬ ደመደምኩ። ጾሙ ሲያልቅ ቁርሱ ተመለሰ፣ ኪኒኑ ግን ቀረ።

ጉልበቴ ድሮም ደህና አልነበረም። በልጅነቴ ከወሎ በሰፈራ መጥተን፣ ይኼን የአሶሳን መሬት በዶማ ስገምስ ያረጀ ጉልበት ነው። ኪኒኑ ሲጨመርበት ጉድ ፈላ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አንታጠፍም ይላሉ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሶላቴ ነው። ወንበር ላይ ሆኜ ስሰግድ፣ ግንባሬ መሬት ሳይነካ ሲቀር፣ ወላሂ እንደ ሕፃን አለቅስ ነበር። እስቲ ንገሩኝ፣ ካንሰሩን ማን ያየዋል? ጉልበቴ ግን በየሰዓቱ ይጮህብኛል።

ልጄ «ዋጥሽ?» ስትለኝ «ዋጥኩ» እላለሁ። በእርጅናዬ ውሸታም ሆንኩ።

ያጋለጠችኝ እዚሁ አሶሳ ሆስፒታል የምትከታተለኝ ነርስ ናት። የቀረውን ኪኒን ይዘው ይምጡ ብላኝ፣ እኔ ሞኟ ይዤላት ሄድኩ። «እናቴ፣ ይኼ ሁሉ ለምን ተረፈ?» አለችኝ። ልዋሽ ፈለግኩ፣ አፌ እምቢ አለ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። አለመቆጣቷ ነው ያስለቀሰኝ።

«ኪኒኑ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ እውነትዎን ነው» አለችኝ። «ግን ካንሰሩን ደጅ የሚያቆመው እሱ ነው። በጾም ደግሞ ከአፍጥር በኋላ ይዋጣል። ምነው ቢጠይቁኝ? ጉልበቱን ተጋግዘን እናስተካክላለን፣ ኪኒኑን ብቻ አይተዉ።»

ከሐኪሙ ጋር ተማክራ ማስታገሻ ሰጠችኝ። ከዚያም በየቀኑ በእግር እንድሄድ፣ ከፍ ካለ መቀመጫም እጄን ሳልደገፍ እንድነሳና እንድቀመጥ አዘዘችኝ። «እኔ እኮ ላሳርፈው ብዬ…» ብላት «ባሳረፉት ቁጥር ይደርቃል» አለች።

ጎረቤቴ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ ባሏ የቀርከሃ ዕቃ ይሠራል። ነገሩን ስነግራቸው ረጅም በርጩማ ሠርቶ አመጣልኝ። «ምንድን ነው ይኼ፣ የዶሮ ቆጥ?» ብዬ ሳቅኩበት። «በየጁምዓው እግሩን አንድ ጣት እቆርጣለሁ፤ ወደ መሬት አብራችሁ ትወርዳላችሁ» አለኝ።

ሚስቱ በየጠዋቱ አጥሬ ሥር ትቆማለች። «ተነሳ! ድገም!» አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም፤ የእኔ የበርታ ቋንቋማ ከዚያ የባሰ ነው። «አንቺ ጨካኝ፣ ገደልሽኝ!» እላታለሁ። «ድገም!» ትላለች እየሳቀች። ጁምዓ ሲደርስ ባሏ መጋዙን ይዞ ከች ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ለምኜው አንድ ሳምንት ሳይቆርጥ አለፈኝ።

ኪኒኑን ልጄ እያየች መዋጥ ጀመርኩ። ሕመሙ ጠፋ አልልም፤ ዛሬም ጣቶቼን በሞቀ ውሃ ነው የማፍታታቸው። እግሬ ግን አቅም አገኘ። በርጩማው አጥሮ አጥሮ የሚቆረጥ እግር ሲያጣ፣ ከምንጣፍ ላይ መነሳት ያዝኩ።

ረመዳን ተመልሶ መጣ። ከአፍጥር በኋላ ኪኒኔን እውጣለሁ፤ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። የኢድ ዕለት ሜዳው ላይ መስገጃዬን ሳነጥፍ ልጄ ወንበር ተሸክማ መጣች። «መልሽው» አልኳት። ደነገጠች።

ወረድኩ። ግንባሬ መሬት ነካ። አልሐምዱሊላህ! ከዚያ መነሳት አለ። ጉልበቴ ተንቋቋ፣ ጭኔ ተንቀጠቀጠ፣ እኔ ግን ቆምኩ። ጎረቤቴ አጠገቤ ነበረች፤ ሶላት ላይ መናገር ባይከለከል ኖሮ «ድገም!» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ደገምኩት።

ከሜዳው ተመልሰን ቁርስ ቀረበ። በልቼ ስጨርስ ማንም ሳይጠይቀኝ ኪኒኔን አወጣሁና፣ ሁሉም እያዩኝ ዋጥኩት።