መትረየስና ሁለቱ የጽሕፈት ፕሮግራሞች

በመሥሪያ ቤታችን የጸሐፊያችንን ትክክለኛ ስም የሚያስታውስ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ «መትረየስ» ነው የሚላት። ጣቶቿ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ሲወርዱ የሰማ ሰው ስሙን ማን እንዳወጣላት አይጠይቅም። እኔ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እትዬ» እላታለሁ። እሷ ደግሞ «እትዬ ባልከኝ ቁጥር ጡረታዬ ይታየኛል» እያለች ትቆጣኛለች።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የእሷን ክፍል ከእኔ የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። አሠራራችን ለየት ያለ ነበር፤ ረቂቁን እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፣ እሷ ትመታለች። ለጠየቃት ሁሉ «ሲነበብልኝ ነው እጄ የሚፍታታው» ትላለች። ኃላፊዎች ቢለዋወጡም ይህን የነካብን አልነበረም። እውነቱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ዐይኖቿ እየጠፉ ነበር። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም መሄዱ አይቀርም ብሏታል። ባሏ ሹፌር ነበር፤ መኪናው ከተገለበጠ ወዲህ ግን ከአልጋ አልወረደም። ቤቱ የቆመው በእሷ ጣቶች ነው።

«የማታይ ጸሐፊ ማን ያስቀምጣል? አደራ፣ አፍህን ያዝ» አለችኝ አንድ ቀን። ያዝኩ።

እስከዚያ ድረስ ጉዱን የሸፈነላት አሮጌው የጽሕፈት ፕሮግራም ነው። ሰማያዊ ገጽ፣ ነጭ ፊደል፣ በቃ። ፊደሉን ከበር ላይ እስኪነበብ አግዝፋዋለች። ማውስ የሚባል ነገር አይፈልግም፤ ማስቀመጡም፣ ማድመቁም፣ ማተሙም በቁልፍ ነው፤ ቁልፎቹን ደግሞ ጣቶቿ በቃላቸው ይዘዋቸዋል። «እንደ ጥሩ ባል ነው» ትላለች እየሳቀች፣ «ጥያቄ አያበዛም፣ የታዘዘውን ይሠራል»።

ከዕለታት አንድ ቀን ወጣቱ የኮምፒውተር ባለሙያ አዲስ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሥራ ላይ ይቀራል ተባለ። ልጁ በስብሰባ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አነጻጸራቸው። አዲሱ ሠንጠረዥ ይሠራል፣ ሥዕል ያስገባል፣ የተሳሳተ ቃል ያርማል፣ ሌላ መሥሪያ ቤት የላከውን ጽሑፍ ይከፍታል። አሮጌው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይችልም። ሐቁን ልናገርና ልጁ አልዋሸም። የቱ ፕሮግራም ለየትኛው ሰው ዐይን ይሻላል የሚለውን ግን እሱም አላነሳ፣ ሌላም አልጠየቀው።

ኃላፊው «እኔ በወሬ አልወስንም። መትረየስ በሁለቱም ትጻፍና እንየው» አለ።

«አመመኝ በያቸው» አልኳት ለብቻዋ።

«ዛሬ ቢያመኝ ነገስ? ቁልፉ እንደሆነ ያው ቁልፍ ነው። ጣቴ አይታወርም» አለችኝ።

መጀመሪያ በአሮጌው ጻፈች። እኔ አነበብኩ፣ እሷ አርከፈከፈችው፤ ገጹ ያለ አንዲት ስሕተት ታትሞ ወጣ። ከኋላችን የቆሙት አጨበጨቡላት። ቀጥሎ አዲሱ ተከፈተ። ብርሃኑ ዐይን ይወጋል፤ ፊደሎቹ ጉንዳን ያካክላሉ።

«እናቴ፣ ማውሱን ላስጠጋልዎት?» አላት ባለሙያው።

«እናትህን ቤትህ ፈልጋት! አንተ ገጹን ብቻ ክፈትልኝ» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ማንበብ ጀመርኩ። የኃላፊያችን የእጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ዐይኔን ከወረቀቱ ካነሳሁ መስመሩ ይጠፋብኛል። ሁለት መስመር እንደሄድን፣ ኋላ እንደተረዳሁት፣ አንዲት ትንሽ መስኮት በገጹ መሐል ብቅ ብላ ነበር። ማረሚያው ይሥራ ወይስ አይሥራ ብላ ትጠይቃለች። በማውስ ካልመለሱላት ገጹ አንዲት ፊደል አይቀበልም። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትመታለች። ከኋላችን ሹክሹክታው ቆመ። በችሎታዋ የተገረሙ መሰለኝና ኮራሁ፤ ንባቤን አፈጠንኩ። እሷም አፈጠነች። እንደዚያን ቀን ስትመታ ሰምቼ አላውቅም።

«ጨረስን!» አለች ግንባሯን እየጠረገች። «እህሳ፣ የቱ ይሻላል?»

ቀና አልኩ። ገጹ ላይ ሁለት መስመርና ያቺ መስኮት ብቻ አሉ፤ ከዚያ በታች ነጭ ነው። ባለሙያው እጁን ወደ ማውሱ እንደዘረጋ ቀርቷል። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ በእሱ አሳብቤ ይቀለኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እስቲ የመጨረሻውን መስመር አንብቢልን» አላት።

ላስጠነቅቃት ፈለግሁ፤ እሷ ግን ቀደመችኝ። ወደ ገጹ ጠጋ ብላ ዐይኖቿን አጠበበች። ጣቷን በባዶው ነጭ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እየነዳች አነበበች።

«ስለሆነም የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጣሪያ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት እንዲጠገንልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ያነበብኩላትን ነው፤ አንዲት ቃል አልሳተችም።

ኃላፊው «እናመሰግናለን» ብሎ ወጣ። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉት። ኮቴያቸው እስኪርቅ ጠበቀችና ፊቷ በደስታ በርቶ ወደ እኔ ዞረች።

«አየህ፣» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «አላወቁም።»