አቶ ደሳለኝን አቅፌ የቀረሁበት ከሰዓት

ባለፈው ሳምንት ከጀሞ ወደ መካኒሳ በታክሲ ስሄድ፣ ልወርድ ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ያዘኝ። አንድ እግሬ መሬት፣ አንዱ ታክሲው ውስጥ። ወያላው «ማዘር፣ ፈጠን ይበሉ እንጂ!» ይላል፤ ከኋላዬ ወራጅ ተደርድሯል፤ እኔ ግን ወደፊትም ወደኋላም የለም። እንደዚያ ተገትሬ ሳለሁ ትዝ ያሉኝ አቶ ደሳለኝ ናቸው።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ ነርስ ሆኜ ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም። መካኒሳ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ክረምቱን ጭቃውን እየረገጥኩ፣ መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ ሆስፒታል እመላለስ ነበር። የምሠራው ወንዶች ተኝተው በሚታከሙበት ክፍል ነው። በሽተኛው ብዙ፣ እኛ ጥቂት። አልጋዎቹን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገር የምንሠራው ጎንብሰን ነው። ቤቴ ገብቼ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ስዘረጋ፣ በዚያ ዕድሜዬ አሮጊት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለማን ይነገራል? ሁላችንንም ያመናል።

አቶ ደሳለኝ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ግዙፍ ሰው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዞታል። ጀርባቸው እንዳይቆስል ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ያን ቀን ከሰዓት የሥራ ጓደኛዬ ሐዊ በሽተኛ ይዛ ወደ ቀዶ ሕክምና ሄዳለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አቶ ደሳለኝ ወደ አልጋው ጠርዝ ተንሸራተው ሊወድቁ ሲሉ አየሁና፣ ሮጬ እጄን ብብታቸው ሥር አስገባሁ። ወደ ላይ ልስባቸው ስል ወገቤ ቋ አለ።

ከዚያ በኋላ መንቀሳቀስ አልቻልኩም። ብለቃቸው ይወድቃሉ፤ ላነሳቸው ጉልበት የለኝም። ደህናው እጃቸው አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል። ጮኼ ተጣራሁ፤ ዝናቡ ድምፄን ዋጠው። በዙሪያችን ያሉት ሁሉ አልጋ የያዙ ናቸው፤ ከማየት በቀር ምን ያድርጉ?

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ አቶ ደሳለኝ፣ በተንሻፈፈ አፋቸው።

«ምንም አልሆንኩ። አጥብቀው ይያዙኝ ብቻ።»

«እያለቀስሽ እኮ ነው።»

«ላብ ነው።»

«በቃ ልቀቂኝ። እኔ ብወድቅ ከዚህ በላይ ምን እሆናለሁ? አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አሉኝ።

«ዝም ይበሉ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ያስቆጣኝ፣ መልቀቅ ምን ያህል እንዳማረኝ ማወቃቸው ነው።

ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ብቻ በመጨረሻ፣ ለባሏ አጥሚት ይዛ ከፉሪ የመጣች ሴት በሩን ከፈተች። «ውይ እህቴን!» ብላ ፔርሙሷን ጥላ ሮጠች። እሷ እንደምንም ገፍታ አስተኛቻቸው። እኔ ግን ቀና አላልኩም፤ እንደጎበጥኩ ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ።

ትንሽ ሲሻለኝ የነርሶች ኃላፊ የሆኑት ሜትረን ቢሮ ገብቼ ሥራው ቀለል ወደሚል ክፍል እንዲያዛውሩኝ ለመንኳቸው።

«የት ልውሰድሽ ልጄ? አንቺ ስትሄጂ ማን ይገባል? ሐዊ ብቻዋን ትሁን?» አሉኝ። ሊሸኙኝ ከወንበራቸው ሲነሱ፣ እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው ነው። ክፉ ሴት ቢሆኑ ተጣልቼ እወጣ ነበር። መውጫው የጠፋብኝ ያን ጊዜ ነው።

ጋዋኔ ሥር መቀነት ጠበቅ አድርጌ አስሬ ተመለስኩ። አቶ ደሳለኝ ብቻዬን ስጠጋቸው ሲያዩ «አትንኪኝ! ሰው ጥሪ!» ብለው ጮሁ። የቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። እዚያ ክፍል እስከቆዩ ድረስ፣ ብቻዬን ሆኜ እጄን ከዘረጋሁ ኮሪደሩ እስኪናወጥ ይጮሃሉ፤ ከየበሩ አስታማሚ እየሮጠ ይመጣል። በኋላ ቤተሰቦቻቸው በተሽከርካሪ ወንበር ይዘዋቸው ሲወጡ፣ ክፍሉ ጭር አለብኝ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። «ለምን ያኔውኑ ትተሽው አልወጣሽም?» ይሉኛል ልጆቼ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ማን ላይ ጥዬው ልውጣ? በየበዓሉ ሥራችሁ የተቀደሰ ነው ተብለን ተጨብጭቦልናል፤ አመስግነን ተቀምጠናል። ስለ ወገቤ የጮኸልኝ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከአልጋው መነሳት የማይችል።