ተፍኪ ላይ የመረጥኩት ሽጉጥ

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ያስነሳው ረብሻ እኛ ወደምንኖርበት ዓለም ገና ከተማ በደረሰ ሰሞን፣ ባለቤቴ ውጭ ኮሽ ባለ ቁጥር የምትጣራው ታናሽ ወንድሜን ነበር። ግቢያችን አንድ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ በሩ ላይ ይደርሳል። ሰው በገዛ ወንድሙ እንዲህ ይቀናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ተፍኪ የሚኖሩት አጎታችን በወጣትነታቸው የአደን መሪ ነበሩ። "ግቢያችሁን የምትጠብቁበት አንድ ሽጉጥ ልስጣችሁ፤ ኑና ምረጡ" ብለው አስጠሩን።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች አስቀመጡ። ሁለቱም በየተኩሱ መምቻቸው በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልተሳበ የማይተኩሱ፣ ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚጎርሱ ናቸው። አንዱ ከባድ ነው፣ ቀለሙም የለቀቀ። ሌላው ቀላል፣ አጭር፣ የሚያብረቀርቅ።

ወንድሜ ሁለቱንም በእጁ መዘነና ከባዱን ያዘ። "ይሄ ጥይት ወደ ኋላ ይገፋል። የሚያረጋጋው የሽጉጡ ክብደት ነው፤ አይደል አጎቴ?"

"አንተስ ገብቶሃል!" አሉ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ።

"ለእኛ የሚሆነው ይሄ ነው" ብዬ የሚያብረቀርቀውን ብድግ አደረግኩ።

"እንግዲያው ጓሮ ወጥተህ ሞክረው። በሁለት እጅህ ያዘው እሺ?" አሉኝ አጎቴ።

ወንድሜ እያየኝ ስለነበር በአንድ እጄ ተኮስኩ። ሽጉጡ ወደ ላይ ተፈናጥሮ ግንባሬን ፈነከተኝ። ወንድሜ ሮጦ መጥቶ ቁስሌን በሻርፑ አሰረልኝ። አልሳቀም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

"መንገዱ ሳይረጋጋ መሣሪያ ይዘን አንሄድም" አለ። አጎቴም ተስማሙ።

ስንመለስ ሰበታ መግቢያ ላይ ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተው ሚኒባሳችንን አስቆሙ። አንዱ ደሜን አይቶ ምን እንደሆንኩ በኦሮምኛ ጠየቀኝ። ቋንቋው የእኔም ነው፤ እኔ ግን ዞሬ ወንድሜን አየሁት። ወንድሜ ወርዶ "አከም ጅርቱ?" ብሎ ሰላም አላቸው። እንጨት ስፈልጥ ፍላጩ እንደመታኝ ነገራቸው። ድንጋዩን አንስተው አሳለፉን።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ጮኸች። "ምን ሆኖ ነው?" ብላ የጠየቀችው እሱን ነው። ያንኑ የእንጨት ወሬ ደገመላት።

"አንተን ባያገኝ ምን ይውጠው ነበር!" አለችው።

እውነቱን ብናገር እሱ ይብስ ይከበርብኛል። ደሜን ልታጠብ ገባሁ።

ግርግሩ ሲበርድ ወንድሜ ተፍኪ ሄዶ ከባዱን ሽጉጥ አመጣው፤ ፈቃዱም በስሙ ወጣ። አንድ ቀን በቤቴ በር ላይ ቆሞ "ና አብረን እናጽዳው" አለኝ።

"ሥራ አለኝ" ብዬ ወጣሁ።