የእትዬ ካውያ ተራ

በቡድናችን ውስጥ የእትዬ ካውያን የመዝገብ ስም የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም አንድ ቀን ሰምቼው ነበር፤ ረሳሁት። ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው ኮትና ሱሪ ስትተኩስ ኖራለች። ቀኝ አንጓዋ ላይ የእንፋሎት ጠባሳ አለባት፤ እግሮቿ ከመቆም ብዛት ማታ ማታ ጫማ አይገባቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ሲዘጋ ያንኑ የመተኮሻ ክፍል ለእኛ ትከፍትልናለች። እኛ ማለት የሰፈሩ ጸሐፊዎች ነን። ጸሐፊ ስል አፌን ሞልቼ አይደለም፤ እኔ ራሴ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ሹፌር ነኝ። የጀመርኩት የወንጀል ታሪክ ገዳይ አጥቼለት ከቆመ ቆይቷል።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ላስቲክ የለበሱ ኮቶች ከጣሪያው ሥር ባለው ዘንግ ላይ ስለሚንጠለጠሉ፣ አንዱ ግጥሙን ሲያነብ የማያውቀው ሰው እጅጌ አናቱን ይዳብሰዋል። አሚዶ አሚዶ ይሸታል። መስኮቱ ከተከፈተ የመንገዱ ጩኸት ይገባል፤ ከተዘጋ ደግሞ ካውያዎቹ ሲግሉ የዋሉበት ሙቀት ያፍነናል። እኛም መስኮቱ ይከፈት አይከፈት ስንጨቃጨቅ የስብሰባው ሩብ ያልቃል።

በየሳምንቱ የምንገናኘው ጽሑፍ ስለምንወድ ነው ብል ውሸቴን ነው። የምንገናኘው እትዬ ካውያ ስለምትደውል ነው። ዓርብ ማታ ለእያንዳንዳችን ትደውላለች፤ አንዱ ጉንፋን ይዞኛል ይላል፣ አንዱ አማቴ መጣች ይላል፣ እሷ ሁሉንም ትሰማና «እንግዲያው ጽሑፍህን ላክ፣ ሌላ ሰው ያነበዋል» ትላለች። ከጎረቤት ካፌ ወንበር የምትለምነው እሷ፣ ሻዩን በፔርሙስ የምታመጣው እሷ፣ ስንሄድ ብርጭቆውን የምታጥበውም እሷ። ልናግዛት የምንነሳው ዕቃው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው። እሷ ግን ወገቧን ይዛ ትስቅብናለች እንጂ አትቆጣንም። ሳቋም እየደከመ መጥቷል፤ ያንን ሁላችንም እናያለን፣ አይተንም ወደየቤታችን እንሄዳለን።

ደንቦቻችን ጥቂት ናቸው። የሚያነብን ሰው ማንም አያቋርጥም። አንባቢውም በተራው፣ ሌላው አስተያየቱን ሰጥቶ እስኪጨርስ ትንፍሽ አይልም። ከዚህ ሌላ ራሷ እትዬ ካውያ ያወጣችው ደንብ አለ፦ አዘጋጅ መጨረሻ ያነባል። «እንግዳ ቁጭ ብሎ እኔ ልቅደም?» ብላ ነው ያወጣችው። በዚህ ደንብ የተነሳ በዓመታዊው የንባብ ዝግጅታችን ላይ አንድም ጊዜ ተራ ደርሷት አያውቅም። ሁልጊዜ ሰዓት ያልቃል፣ ሁልጊዜ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፣ ሁልጊዜ «ለሚቀጥለው» ትላለች።

ዘንድሮ ግን «ለሚቀጥለው» የሚባል ነገር አልነበረም። ምክንያቱ እናቷ ናቸው።

እትዬ ካውያ ሰባተኛ ክፍል ሳለች አባቷ ሞተ። እናት ሁለት ልጅ ይዘው ቀሩ። የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች፤ በትምህርቷም ከክፍሉ ፊተኛ። አንድ ሰኞ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ልትወጣ ስትል እናቷ በር ላይ ቆመው «አንቺ ዛሬ አትሄጂም» አሏት። ዛሬ የተባለው በዚያው ቀረ። እሷ ላውንደሪ ገባች፤ ወንድሟ ተማረ፣ መሐንዲስ ሆነ፣ ራቅ ያለ ከተማ ሚስት አግብቶ ይኖራል። በበዓል በበዓል ይደውላል። እናትን የያዘቻቸው እሷ ናት። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ አሁን ከጥላ በቀር አያዩም። ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። ስለ ጎረቤት ያወራሉ፣ ስለ ሬዲዮ ያወራሉ፣ ስለ ወገብ ሕመም ያወራሉ። ስለዚያ ሰኞ ግን አንድም ቀን አፍ አውጥተው ተነጋግረው አያውቁም።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ጽፋ ስላመጣችው ነው። አንድ ቅዳሜ ኮቶቹ ሥር ቆማ አነበበችልን። ረጅም አልነበረም። ልጅቷ፣ በሩ፣ የእናትየዋ እጅ መቃኑን ይዞ፣ ከዚያ ደግሞ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የተማሪዎችን ዩኒፎርም ስትተኩስ የሚሰማት ነገር። መጨረሻው «እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ምን ተሰማሽ ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም» የሚል ነበር። በዚያው ቆመ።

ከዚያ እንደ ልማዳችን መተቸት ጀመርን። ጡረተኛው የመሬት ቀያሽ መጨረሻው ጨከነ አለ። ፋርማሲስቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «እትዬ፣ መዝጊያው ላይ ትንሽ ይቅርታ ቢኖርበት አንባቢውን ያሳርፈዋል» አለች። እኔም ጥልቅ ብዬ፣ ልክ ናት አልኩ።

እትዬ ካውያ ደንቡን ስትጥስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይቅር አላልኳትማ!» አለች። «ያላልኩትን ምን ብዬ ልጻፈው?»

እሷም ወዲያው አፈረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይቅር አልልም አላልኩም። መጀመሪያ ትስማኝ። አንድ ጊዜ ትስማኝና ከዚያ እናያለን።»

«ታዲያ ቤት ውስጥ ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኳት።

«ልነግራት አፌን ስከፍት ‘ውሃ አምጪልኝ’ ትለኛለች። ውሃውን አምጥቼ ስመጣ እጇ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፣ አንጀቴን ትበላዋለች፣ እተወዋለሁ። ወረቀት ይዤ ሰው ፊት ስቆም ግን አታቋርጠኝም። እዚህ የሚያነብን ሰው ማንም አያቋርጥም፣ አይደል?»

ሐኪሙ የእናቷ ልብ ደክሟል፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ ብሎ ነበር። ስለዚህ የዘንድሮው ንባብ ላይ እናቷን አምጥታ ፊት ወንበር አስቀምጣ ልታነብላቸው ቆረጠች። ሁላችንም ቅደሚ ብለን ለመንናት። «ደንቡን አውጪዋም አፍራሿም እኔ?» ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ግትርነቷ አንዳንዴ ያንገበግበኛል።

ቀኑ ደረሰ። እናቷን በዳቦ መኪናዬ ይዣቸው መጣሁ። በደንብ የተተኮሰ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጅ ይዘውታል፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ልጃቸው «ስለ አንቺ የጻፍኩትን ዛሬ አነባለሁ» ብላ ነግራቸው ነበር። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እትዬ ካውያ ከጥግ በኩል ሰዓቷንና ትንሽ ደወል ይዛ ጠረጴዛ ላይ ተሰየመች። ጊዜ ለመቆጠብ የአንባቢ ስም አይጠራም፤ ተራው በወረቀት ታትሞ በየወንበሩ ላይ አለ፣ ተራው የደረሰ ተነስቶ ማይኩን ይይዛል። ጥሩ ዘዴ ይመስለን ነበር።

መጀመሪያ ቀያሹ ተነሳ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት ሲለካ ኖሮ የራሱን ግጥም መለካት አቃተው። አንዱን ገጽ ሲገለብጥ ሌላው ይመጣል፣ ተሰብሳቢው ወንበር ላይ ይገላበጣል። እትዬ ካውያን አየኋት፤ እጇ ደወሉ ላይ ነው፣ ግን አትደውልም። ግጥሙ በዚያው ዓመት ለሞተችበት ሚስቱ የተጻፈ ነበር። እንዴት ብላ ትደውልበት? የሱን ያየው ደግሞ ተከትሎ አስረዘመ። አንዷ ጀማሪ በፍርሃት ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔ ደጋግሜ ሰዓቴን አያለሁ።

ከዚያ ፋርማሲስቷ አነበበች። ስለ እናቷ ነበር፤ በቀይ ጃንጥላ አስጠልለው በዝናብ ትምህርት ቤት ያደርሷት ስለነበሩ፣ በኋላም ተጣልተው ስለተኮራረፉ እናት። ማይኩ አሮጌ ስለሆነ ድምፅዋን አቅጥኖ ያፏጨዋል። መጨረሻው ላይ «እማዬ፣ እኔ ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺም ደክመሻል፣ አሁን እረፊ» ብላ ዘጋችው። አዳራሹ አጨበጨበ። የእትዬ ካውያ እናት መሃረብ አውጥተው ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ እጄን ጭምቅ ሲያደርጉት ተሰማኝ። አረጋዊት ናቸው፣ ሆዳቸው ባር ባር ብሏቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

የሷ ተራ ሲደርስ የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ቁልፉን እያቅጨለጨለ ገባ። ማይኩንም አጠፋው። ተነስቼ ለመንኩት፦ «እባክህ ወንድሜ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን።»

«ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው የሚቀራችሁ» አለኝ። «እኔም ቤት አለኝ እኮ።»

ልጣላው ስል እትዬ ካውያ ክንዴን ይዛ መለሰችኝ። «ተወው፣ እሱም ደክሞታል» አለች። እንግዶቹን አመስግና አሰናበተች። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወንበሮቹን አንዱን ባንዱ ላይ መደራረብ ጀመረች። ያን ጊዜ በደንቡ፣ በቀያሹ፣ በራሴ፣ በሁላችንም ተናደድኩ። እሷ ፊት ላይ ንዴት አልነበረም። ልብስ ሲቆለልባት የምታሳየው ፊት ነው።

እናትን ወንበሩ ዳር፣ እሷን መሃል አድርጌ መኪናውን አስነሳሁ። ዳቦው ቢራገፍም ሽታው አልለቀቀም። ትንሽ እንደሄድን እናት ተነፈሱ።

«ሰማሁሽ» አሉ።

«ምኑን እማዬ?»

«ያነበብሽውን ነዋ። ዓይኔ ቢጠፋ ጆሮዬ አለ። ያ ማይክ ድምፅሽን የሌላ ሰው አስመሰለው እንጂ፣ እያንዳንዷን ነው የሰማሁት።»

እግሬ ከነዳጁ ላይ በራሱ ተነሳ። እትዬ ካውያ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ወደሷ። ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ቆይ አታቋርጪኝ» አሉ እናት። «ያን ቀይ ጃንጥላ ከየት ነው ያመጣሽው? እኔ በዕድሜዬ ጃንጥላ ይዤ አላውቅም። ደግሞ ትምህርት ቤት አደረሰችኝ አልሽ። እኔ እንኳን ላደርስሽ…» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ እንኳን ላደርስሽ፣ በር ላይ ቆሜ ያስቀረሁሽ ሰው ነኝ።»

እናት ቦርሳቸውን አጥብቀው ይዘው ቀጠሉ።

«ያን ለሰዎቹ ልትነግሪያቸው ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። ስለ እኔ ጻፍኩ ስትዪኝ ገባኝ፤ ይገባኛል፣ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ አልኩ። ሌሊቱን ስዘጋጅ ነው ያደርኩት። አንቺ ግን ያን ሁሉ ሰው ሰብስበሽ ልታዋርጂኝ ስትችዪ፣ ጃንጥላ አስያዝሽኝ።» መሃረባቸውን ፈለጉ። «ስንት ዓመት ልጠይቅሽ ፈልጌ ፈራሁሽ። ልጄ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ ፈራሁሽ። ጸሐፊ ሲጽፍ ይጨምራል ይባላል፤ ጃንጥላው ጭማሪ ነው፣ እሺ። ይቅር ብያለሁ ያልሽውስ? እሱም ጭማሪ ነው ወይስ የእውነት ነው?»

መብራቱ ቀይ ነበርና ቆምኩ። እትዬ ካውያ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ያቺ እናት አንቺ አልነበርሽም፣ ያነበብኩትም እኔ አይደለሁም ብትላቸው ሐቋ ነው፤ እኔም እመሰክርላት ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። አልነዳሁም።

«እሱ የእውነት ነው፣ እማዬ» አለች።

እናት እጃቸውን ዘርግተው እየዳበሱ ፊቷን አገኙት። እትዬ ካውያ ስታለቅስ ያን ቀን ነው ያየኋት። እንደ ትልቅ ሰው አልነበረም ለቅሶዋ፤ በር ላይ ደብተሯን ይዛ እንደቀረች ልጅ ነው ያለቀሰችው። እኔ ጥሩንባ እየተነፋብኝ፣ ስድብ እየወረደብኝ፣ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።